አማካዩ 10 በመቶ አይሞላም፣ አንዱ ፕሮሰሰር ግን 97 ላይ ነው

ሰርቨሩ 16 ፕሮሰሰር አለው። የክትትል ግራፉ ላይ የፕሮሰሰር አጠቃቀሙ 10 በመቶ እንኳ አይሞላም። ተጠቃሚዎች ግን ማታ ማታ «ገጹ አልከፈት አለኝ፣ ጥያቄዬ መሃል ላይ ቆመ» እያሉ ያማርራሉ። ቅሬታው የሚበዛው በ24 ሰዓት አቆጣጠር ከ20:00 እስከ 22:00 ባሉት ሁለት ሰዓታት ነው። ከዚያ በኋላ ጸጥ ይላል። ጠዋት ሥራ ስንገባ ሁሉም ነገር ሰላም ነው።

ማሽኑ በሊኑክስ የሚሠራ ቨርቹዋል ማሽን ነው፤ ማለትም አስተናጋጅ በሚባል ሌላ ማሽን ውስጥ እንደ ራሱን የቻለ ማሽን ሆኖ ይሠራል። ሥራው እጅግ ብዙ ትናንሽ ጥያቄዎችን በኔትወርክ ተቀብሎ ለእያንዳንዱ አጭር መልስ መስጠት ነው። ከባድ ስሌት የለበትም፣ ትልቅ ፋይልም አያመላልስም። ይህን ያዙልኝ፣ ኋላ እንመለስበታለን።

በስብሰባ ላይ ሁለት ሐሳብ ቀረበ። አንዱ «ማሽኑ ስራ ፈት ነው፣ ስለዚህ ችግሩ ፕሮግራሙ ውስጥ ነው፤ ገንቢዎቹ ይዩት» የሚል ነው። ሌላው «ፕሮሰሰሩን 32 እናድርገውና እንገላገል» የሚል። ሁለተኛው በጣም አሳሰበኝ። ያሉት 16ቱ ሥራ ካልበዛባቸው፣ ሌላ 16 ተጨምሮ ምን ይፈይዳል? ገንቢዎቹም ቢሆኑ ሁለት ሳምንት ሙሉ ኮዳቸውን ሲያገላብጡ ከርመው ምንም አላገኙም።

ግራፉ ዋሽቷል ብዬ አላመንኩም። ግን የሚያሳየን የ16ቱን አማካይ ነው። አማካይ ደግሞ ማን እንደደከመና ማን እንደተኛ አይናገርም። ማየት የፈለግኩት ፕሮሰሰሮቹን አንድ በአንድ ነበር፣ ያውም ችግሩ በነበረበት ሰዓት።

የተቀዳውን ማውጣት

ችግሩ የሚከሰተው ማታ ስለሆነ ቁጭ ብሎ ማሽኑን በቀጥታ የሚያይ ሰው አልነበረም። ደግነቱ ማሽኑ ላይ ሲስስታት የሚባለው ጥቅል ተጭኖ ነበር። ይህ የሴባስቲያን ጎዳር ሥራ ነው፤ ሊኑክስ ላይ ለብዙ ዓመታት ያገለገለ ነው። ውስጡ ያለው ሰብሳቢ በየ10 ደቂቃው ተነስቶ የከርነሉን (የሊኑክስን እምብርት) ቆጣሪዎች ያነብና የዕለቱ ፋይል ላይ ይጽፋል። በቀን 144 ጊዜ ማለት ነው። ፋይሉን መልሶ የሚያነበው «ሳር» የሚባለው ትዕዛዝ ሲሆን ከድሮው ሲስተም ፋይቭ ዩኒክስ ጀምሮ የሚታወቅ ስም ነው።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ሰብሳቢው የእያንዳንዱን ፕሮሰሰር ቁጥር ሳትጠይቁት ይቀዳል። ሳር በተለመደው አጠቃቀሙ የጠቅላላውን አማካይ ብቻ ስለሚያሳይ፣ ሰው ዝርዝሩ ያልተቀዳ ይመስለዋል። ተቀድቷል። ትልቁን ፒ አማራጭ ጨምሮ «ኦል» ማለት ብቻ ነው የሚጠይቀው፤ ያኔ እያንዳንዱ ፕሮሰሰር በየራሱ መስመር ይወጣል። በትንሿ ኤፍ ፋይሉን፣ በትንሿ ኤስና በኢ ደግሞ የመነሻና የመድረሻ ሰዓቱን ትነግሩታላችሁ።

መጀመሪያ የፈለግኩት ቅሬታው የጀመረበትን ቀን ነበር። የለም። ማሽኑ የሚያስቀምጠው የ7 ቀን ቅጂ ብቻ ነበር፣ ቅሬታው ከጀመረ ደግሞ ከሁለት ሳምንት በላይ ሆኖታል። እንደ ዕድል ሆኖ ችግሩ በየማታው ስለሚመላለስ ያለፈውን ማታ መጠቀም ቻልኩ። አንዴ ብቻ ተከስቶ የጠፋ ችግር ቢሆን ኖሮ ግን ማስረጃው አብሮ ጠፍቷል።

እንግዲህ የ20:40ን መስመር እንይ። ይህ መስመር የሚናገረው ከ20:30 እስከ 20:40 ስላለው ጊዜ ነው፤ ሰዓቱ የቅጂውን መጨረሻ እንጂ መጀመሪያ አያመለክትም። የጠቅላላው መስመር 90.2 በመቶ ስራ ፈት ይላል። ማለትም አጠቃቀሙ 9.8 በመቶ ነው። ልክ ግራፉ እንዳለው።

ከሥሩ ያለው የመጀመሪያው ፕሮሰሰር፣ የፕሮሰሰር ዜሮ፣ መስመር ግን ስራ ፈት የሚለው ዓምድ ላይ 3 በመቶ ይላል።

ከፕሮሰሰር 1 እስከ 15 ያሉት በአማካይ 4 በመቶ ሥራ ላይ ናቸው። ፕሮሰሰር ዜሮ ብቻውን 97 ላይ። 97 ሲደመር 15 ጊዜ 4፣ 157። ለ16 ሲካፈል 9.8። ግራፉ ልክ ነበር፣ ተጠቃሚዎቹም ልክ ነበሩ። ያን ቁጥር ሳየው ለገንቢዎቹ አዘንኩ። ሁለት ሳምንት የፈለጉት ነገር እነሱ ዘንድ አልነበረም።

32 ፕሮሰሰር ገዝተን ቢሆንስ? ያው 157 ለ32 ይካፈላል፣ 4.9 በመቶ። ግራፉ ይበልጥ ያማረ ይሆናል፣ ፕሮሰሰር ዜሮ ግን 97 ላይ ይቆያል።

ቁጥሩ ከየት መጣ

አለቃችን ቁጥሩን ሳሳየው ወዲያው አላመነም። «ይሄ 97 ከየት መጣ? እስኪ በእጅህ አስላልኝ» አለኝ። ተገቢ ጥያቄ ነው። እኔም ራሴ አንዴ በእጄ ሳላሰላ የማላምነው ቁጥር አለ።

ከርነሉ ለእያንዳንዱ ፕሮሰሰር ማሽኑ ከተነሳ ጀምሮ የሚቆጥራቸው ቆጣሪዎች አሉት። ፕሮሰሰሩ በተጠቃሚ ፕሮግራም ያሳለፈው ጊዜ፣ በከርነል ሥራ ያሳለፈው፣ በኢንተራፕት (እንደ ኔትወርክ ካርድ ያለ ዕቃ ሥራውን አቋርጦ ሲጠራው) ያሳለፈው፣ ስራ ፈቶ የቆየው፣ ሁሉም ለየብቻ ይቆጠራል። መቁጠሪያው አብዛኛውን ጊዜ የሰከንድ አንድ መቶኛ ነው። ቆጣሪው ሁልጊዜ ወደ ላይ ስለሚሄድ አንዱ ንባብ ብቻውን ትርጉም የለውም። የሚያስፈልገው የሁለት ንባቦች ልዩነት ነው።

10 ደቂቃ 600 ሰከንድ ነው፣ ስለዚህ እያንዳንዱ ፕሮሰሰር በዚያ ጊዜ ውስጥ 60,000 መቶኛ ሰከንድ ያከፋፍላል። የፕሮሰሰር ዜሮ ክፍፍል እንዲህ ነበር። ተጠቃሚ 900፣ ከርነል 1,800፣ ኢንተራፕት 300፣ ሶፍት ኢንተራፕት (ምን እንደሆነ ኋላ እንመጣበታለን) 55,200፣ ስራ ፈት 1,800። ድምሩ 60,000። ስራ ፈቱ 1,800 ለ60,000 ሲካፈል 3 በመቶ ነው። የቀረው 97 ሥራ ላይ የዋለው።

እዚህ ላይ የራሱን ስክሪፕት ለሚጽፍ ሰው አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ቨርቹዋል ማሽን የሚያስተናግድ አስተናጋጅ ላይ «ጌስት» የሚባል ዓምድ አለ። ይህ ጊዜ የተጠቃሚው ቆጣሪ ውስጥም አስቀድሞ ገብቷል። ሁሉንም ዓምድ ዝም ብሎ የደመረ ሰው ሁለት ጊዜ ይቆጥረዋል። ድምሩ 60,000 ካልመጣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው እሱ ነው።

ሁለት የተሳሳቱ መንገዶች

መልሱን ያገኘሁት በአንድ ሙከራ አይደለም። ከዚያ በፊት የሥራ ባልደረባዬ ተመሳሳይ ዳታ አይቶ «ምንም የለም» ብሎ ነበር። እሱ ሰነፍ ሰው አይደለም። ሁለት ወጥመድ ነው የያዘው።

የመጀመሪያው፣ ፕሮሰሰሮቹን ለየብቻ ቢያወጣም የሙሉ ቀኑን አማካይ ነበር የተመለከተው። ፕሮሰሰር ዜሮ ለሁለት ሰዓት 97 ላይ ነው፣ ለቀሪው 22 ሰዓት ደግሞ 12 አካባቢ። የቀኑ አማካይ 19 በመቶ ይመጣል። 19 ማንንም አያስደነግጥም። አማካይ በፕሮሰሰር ብቻ ሳይሆን በጊዜም ይደብቃል፤ ሳር ከሥር የሚያትመው «አቬሬጅ» የሚለው መስመር ደግሞ ዓይን ቶሎ የሚያርፍበት ነው።

ሁለተኛው የሰዓት ጉዳይ ነው። ባልደረባዬ ዳታውን ወደ ሠንጠረዥ ለማስገባት «ሳድፍ» በሚባለው ትዕዛዝ ወደ ተነጣጠለ ጽሑፍ ቀየረው። ሳድፍ ካልነገሩት በቀር ሰዓቱን በዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት ነው የሚጽፈው። ሳር ግን በአካባቢው ሰዓት ነው የሚያሳየው። ስለዚህ ከፍታው ግራፉ ላይ ሌላ ሰዓት ላይ ቆሞ ታየውና «ከቅሬታው ሰዓት ጋር አይገጥምም» ብሎ ተወው። በትንሿ ቲ አማራጭ ይስተካከላል። ይህች ትንሽ ፊደል ስንት ቀን እንደፈጀችብን ሳስብ አሁንም ያንገበግበኛል።

እኔም ብሆን አንድ ቦታ ልሳሳት ነበር። ፕሮሰሰር 6 ላይ «አይኦዌት» የሚለው፣ ዲስክ በመጠበቅ ያለፈውን ጊዜ የሚያሳየው ዓምድ ከሌሎቹ ከፍ ብሎ አየሁና ዲስኩን ልከታተል ተነሳሁ። ግን ይህ ዓምድ በየፕሮሰሰሩ ሲታይ የሚታመን አይደለም። ዲስክ የሚጠብቀው ሥራ እየሠራ አይደለም፤ ስለዚህ የየትኛውም ፕሮሰሰር አይደለም። ከርነሉ ግን ሥራው መጨረሻ ከነበረበት ፕሮሰሰር ላይ ይመዘግበዋል። ፕሮሰሰሩ ራሱ ስራ ፈት ነው፣ ሌላ ሥራ ቢመጣለት ይቀበላል። ስለዚህ አጠቃቀም ሳሰላ አይኦዌትን ከስራ ፈት ጋር ነው የምደምረው።

ዓምዱ ምን አለ

97 ማለት ብቻውን ምርመራውን አይጨርስም። ማን ነው የያዘው? ሳር ባጭሩ ሲጠየቅ ኢንተራፕቶቹን ከከርነሉ ጋር ደምሮ ነው የሚያሳየው። ለዚህ ነው ዝርዝሩን ሁሉ እንዲያወጣ በትንሿ ዩ አማራጭ «ኦል» ብዬ የጠየቅኩት። ከ97ቱ 92ቱ «ሶፍት» የሚለው ዓምድ ላይ ነው።

«ስቲል» የሚለው ዓምድ ዜሮ ነበር። ይህ ጥሩ ዜና ነው። አስተናጋጁ ማሽን ጊዜያችንን ለሌላ እየሰጠብን አይደለም።

ሶፍት ኢንተራፕት በእንደዚህ ዓይነት ማሽን ላይ በአብዛኛው ኔትወርክ ማለት ነው። ፓኬት (በኔትወርክ የሚጓዝ ትንሽ የመረጃ ጥቅል) ሲደርስ የኔትወርክ ካርዱ ፕሮሰሰሩን በኢንተራፕት ይቀሰቅሰዋል። ያ ጥሪ አጭር ነው። ዋናው ሥራ፣ ፓኬቱን ማንሳት፣ መፍታት፣ ለባለቤቱ ፕሮግራም ማድረስ፣ በሶፍት ኢንተራፕት ይከናወናል። የሚከናወነውም ጥሪውን በተቀበለው ፕሮሰሰር ላይ ነው። ቅድም ያዙልኝ ያልኩት እዚህ ነው የሚገባው። ማሽናችን የሚቀበለው ትናንሽ ጥያቄ ነው፣ ብዙ ፓኬት፣ ትንሽ ባይት። የኔትወርክ ግራፉ የሚለካው በባይት ስለነበር እሱም ረጋ ያለ ነበር።

የኢንተራፕት ቅጂ ባገኝ ደስ ባለኝ። ሰብሳቢው ግን ኢንተራፕትን ካላዘዙት አይቀዳም፣ እኛም አላዘዝነውም። ስለዚህ በቀጥታ የከርነሉን የኢንተራፕት ሠንጠረዥ ከፈትኩ። 16 ዓምድ አለው፣ ለእያንዳንዱ ፕሮሰሰር አንድ። የኔትወርክ ካርዱ የመቀበያ መስመር አንድ ብቻ ነው። በፕሮሰሰር ዜሮ ዓምድ ሥር አሥር አሃዝ ያለው ቁጥር ተጽፏል። ከዚያ በስተቀኝ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ፣ እስከ ጠርዙ ድረስ አሥራ አምስት ዜሮ።

ይህ ቁጥር ማሽኑ ከተነሳ ጀምሮ የተጠራቀመ ነው። ማለትም አንድም ቀን፣ አንድም ጊዜ፣ ሌላ ፕሮሰሰር ከዚህ ካርድ ጥሪ ተቀብሎ አያውቅም። ቨርቹዋል ካርዱ ሲፈጠር አንድ የመቀበያ ወረፋ ብቻ ነው የተሰጠው። አንድ ወረፋ፣ አንድ ኢንተራፕት፣ አንድ ፕሮሰሰር።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ልጨምር። ችግሩ እንዲህ አፍጦ የታየን ኢንተራፕቱ ቦታው ስለማይቀያየር ነው። ነጠላ ትሬድ ያለው፣ ማለትም ሥራውን በአንድ መስመር ብቻ የሚሠራ ፕሮግራም ቢሆን ኖሮ ከርነሉ ከፕሮሰሰር ፕሮሰሰር ሊያዘዋውረው ይችላል። አራት ፕሮሰሰር ላይ እኩል ከዞረ በ10 ደቂቃው ቅጂ እያንዳንዳቸው 25 በመቶ ብቻ ያሳያሉ። ትሬዱ ታንቆ ሳለ ሠንጠረዡ ላይ አንድም ፕሮሰሰር የሞላ አይመስልም። ስለዚህ ሁሉም ዝቅተኛ ሆኖ ድምራቸው ማታ ማታ 100 ላይ ግትር ብሎ ከቆመ፣ ይህን መጠርጠር ነው። ሌላም አለ። ሁለት ሎጂካዊ ፕሮሰሰሮች አንድ ኮር (ሥራውን በእርግጥ የሚሠራውን አካል) ሲጋሩ አንዱ ሙሉ፣ አንዱ ባዶ ቢታይም «ግማሹ ተርፏል» ማለት አይቻልም።

ሸክሙን ማከፋፈል

ዘላቂው መፍትሔ ለካርዱ ብዙ ወረፋ መስጠት ነው። ያ ግን ከአስተናጋጁ በኩል ተቀይሮ ማሽኑ እንደገና መነሳት ነበረበት፣ የጥገና ሰዓቱም ሁለት ሳምንት ይቀረው ነበር። ተጠቃሚዎቹን ሌላ ሁለት ሳምንት ማስጠበቅ አልፈለግኩም።

ሊኑክስ ለዚህ ሌላ መንገድ አለው። አርፒኤስ ይባላል፤ ከጉግል መጥቶ እ.ኤ.አ. በ2010 በከርነል 2.6.35 የገባ ነው። ካርዱ አንድ ወረፋ ቢኖረውም ኢንተራፕቱን የተቀበለው ፕሮሰሰር ፓኬቱን ራሱ አይጨርሰውም። የላኪና የተቀባይ አድራሻውን አይቶ ለሌሎቹ ያድላል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው ነው። ማሽን ማስነሳት አይጠይቅም። በወረፋው ማኅደር ውስጥ ያለች አንዲት ፋይል ላይ የትኞቹ ፕሮሰሰሮች እንደሚሳተፉ መጻፍ ብቻ ነው። 16ቱ በ16 ቢት ይወከላሉ። እኔ 15ቱን ከፍቼ የፕሮሰሰር ዜሮን ቢት ዘጋሁ። እሱ ማደሉ ይበቃዋል።

አርፒኤስ ለሁሉም ሰው እንደማይሆን ግን ማወቅ ጥሩ ነው። ዕደላው በግንኙነት ነው። ትራፊኩ ሁሉ በአንድ ግንኙነት ውስጥ ታሽጎ የሚመጣ ከሆነ አሁንም አንድ ፕሮሰሰር ላይ ነው የሚያርፈው። የእኛ ብዙ ደንበኛ፣ ብዙ ትንሽ ግንኙነት ስለሆነ ተመቸን።

በዚያው ማታ ቅሬታው ቆመ። በማግስቱ ጠዋት ያንኑ የ20:40 መስመር በዚያው ትዕዛዝ አወጣሁ። ፕሮሰሰር ዜሮ 41 በመቶ። ሌሎቹ በአማካይ 9። ድምሩ 176፣ ለ16 ሲካፈል 11።

ልብ በሉ፣ አማካዩ ጨምሯል። ከ9.8 ወደ 11። ፓኬት ከፕሮሰሰር ወደ ፕሮሰሰር ማስተላለፍ ራሱ ዋጋ አለው፣ ቀድሞ ወድቀው ይቀሩ የነበሩ ጥያቄዎችም አሁን እየተስተናገዱ ነው። ግራፉን ብቻ የሚያይ ሰው «ማሽኑ ባሰበት» ይል ነበር። ተጠቃሚው ግን ገጹ ቶሎ ተከፈተለት።

የጥገናው ቀን ደርሶ ካርዱ 8 ወረፋ ሲሰጠው አርፒኤስን አጠፋን። የኢንተራፕት ሠንጠረዡን ስከፍት ስምንት መስመር፣ በየተለያየ ዓምድ የሚጨምር ቁጥር። የ32 ፕሮሰሰሩ ጥያቄ ተሰረዘ።

ቅጂውን ማስተካከል

ማሽኑን ካስተካከልን በኋላ ተራው የቅጂው ነበር። ሰብሳቢው በየደቂቃው እንዲያነብ አደረግን፣ በቀን 144 የነበረው 1,440 ሆነ። ፋይሉ አደገ፣ ግን ለዲስኩ የሚከብድ አይደለም። ኢንተራፕትም እንዲቀዳ አዘዝነው። ማቆያውን ከ7 ቀን ወደ 28 አሳደግነው። ማንቂያውንም ከአማካዩ አንስተን ከሁሉም የሞላው ፕሮሰሰር ላይ አሠርነው፤ አንዱ ፕሮሰሰር ለአምስት ተከታታይ ደቂቃ ከ90 ካለፈ መልእክት ይመጣል።

የደቂቃው ቅጂ በመጀመሪያው ሳምንት አንድ አዲስ ነገር አሳየን። ሌሊት 02:00 ላይ አንድ ፕሮሰሰር ለአራት ደቂቃ ያህል 100 በመቶ ይሆናል። በድሮው የ10 ደቂቃ ቅጂ ይህ 40 በመቶ ብቻ ሆኖ ያልፍ ነበር። ጊዜው ያለው «ዩዘር» ዓምድ ላይ ነው እንጂ ሶፍት ላይ አይደለም፣ የፕሮሰሰሩ ቁጥርም በየሌሊቱ ይለያያል። ሂደን ስናየው የዕለቱን ሎግ የሚያጨምቀው ፕሮግራም ነው፣ ነጠላ ትሬድ። በአራት ደቂቃ ጨርሶ ይወጣል፣ ማንንም አያስጠብቅም። አልነካነውም።